ስታክና ሎካል ቫሪያብል፦ ለኀላፊ ነገር የተሠራ ቋሚ ሥርዓት

በዛሬው የትምህርት ዝግጅታችን የምንመረምረው ጉዳይ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚጠቀምበት፣ ነገር ግን ሥራው በስውር ስለሚፈጸም ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ነው፤ ይኸውም ኮምፓይለር፣ ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው መሣሪያ፣ በአንድ ፋንክሽን፣ ማለት በአንድ ንዑስ ፕሮግራም፣ ውስጥ ተወልደው በዚያው ለሚያልፉት ሎካል ቫሪያብሎች በሜሞሪ ላይ ስፍራ የሚያዘጋጀው፣ ያዘጋጀውንም ስፍራ መልሶ የሚረከበው በምን ሥርዓት እንደ ሆነ ነው። ወረቀትና እርሳስ በአጠገባችሁ ብታዘጋጁ መልካም ይሆናል፤ በንግግራችን መካከል ጥቂት ቁጥሮችን አብረን እንደምራለንና። የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

አንድ ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ ከሚያስፈልገው ሜሞሪ ከፊሉ ፕሮግራሙ ከተጀመረበት ሰዓት እስከ ተፈጸመበት ድረስ ሊቆይ የሚገባው ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ለአንድ ጥሪ ብቻ አገልግሎ ጥሪው ሲፈጸም ዋጋ የማይኖረው ነው። ደመወዝ የሚያሰላ ፋንክሽን የግብሩን ልክ ለጊዜው የሚይዝበት ስፍራ፣ ስሞችን በፊደል ተራ የሚያሰልፍ ፋንክሽን ሁለቱን ስሞች ሲያለዋውጥ አንደኛውን የሚያቆይበት ስፍራ፣ እነዚህና እነዚህን የመሰሉት ሁሉ ኀላፊዎች ናቸው። ታዲያ ለኀላፊው ነገር ቋሚ ስፍራ መስጠት ይገባልን? ወይስ ለኀላፊው ነገር ኀላፊ ስፍራ፣ ለኀላፊው ስፍራ ግን ቋሚ ሥርዓት ማዘጋጀት ይሻላል? የዛሬው ትምህርታችን ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

በ1957 ጆን ባከስና የሥራ ባልደረቦቹ በአይቢኤም ኩባንያ ለ704 ኮምፒዩተር ያበረከቱት ፎርትራን፣ በሚከተለውም ዓመት ንዑሳን ፕሮግራሞችን ጨምሮ የወጣው ሁለተኛው ፎርትራን፣ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ቀላልና ግልጽ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቫሪያብል፣ ኀላፊም ይሁን ነዋሪ፣ ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ የማይለወጥ አድራሻ ተወስኖ ይሰጠው ነበር። ይህ አሠራር ለፍጥነት የተመቸ መሆኑ አይካድም፤ አድራሻው አንድ ጊዜ ከተቈረጠ በኋላ ማሽኑ የሚያሰላው ሌላ ነገር የለምና። ሆኖም ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛው፣ በአንድ ሰዓት የሚሠራው ንዑስ ፕሮግራም ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ያልተጠሩትም ሁሉ ስፍራቸውን እንደ ያዙ መቀመጣቸው ነው፤ የዚያን ዘመን ሜሞሪ ደግሞ እጅግ ጠባብና ውድ ነበረ። ሁለተኛውና የሚበልጠው ጉድለት ግን፣ አንድ ፋንክሽን ሥራውን ሳይፈጽም ራሱን መልሶ ሊጠራ አለመቻሉ ነው።

ይህን ሁለተኛውን ጉድለት በምሳሌ እንየው። ከ1 እስከ 5 ያሉት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ሲባዙ 120 ይሆናሉ። ይህን ብዜት የሚያወጣ ፋንክሽን እንዲህ ብሎ ሊጻፍ ይችላል፦ የተሰጠው ቁጥር 1 ከሆነ መልሱ 1 ነው፤ 1 ካልሆነ ግን ፋንክሽኑ ራሱን በአንድ ለሚያንሰው ቁጥር ይጥራ፤ ከዚያ ጥሪ የሚመጣውንም መልስ በያዘው ቁጥር ያባዛው። እንግዲህ 5 ይዞ የተጠራው ፋንክሽን 4 ይዞ ራሱን ይጠራል፤ እርሱም 3 ይዞ፣ ያም 2 ይዞ፣ በመጨረሻም 1 ይዞ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ መልሱ ከታች ወደ ላይ እየተባዛ ይመለሳል። አሁን የቁጥሩ ማስቀመጫ አንድ ቋሚ ስፍራ ብቻ ቢሆን ምን ይደርሳል? 4 ሲመጣ 5ን ይደመስሰዋል፤ 3 ሲመጣ 4ን ይደመስሰዋል፤ በመጨረሻ በስፍራው 1 ብቻ ይቀራል። መልሱ በሚመለስበት ጊዜ እያንዳንዱ ጥሪ ቁጥሩን ከዚያው ስፍራ ሲያነብ የሚያገኘው 1ን ብቻ ስለ ሆነ፣ 120 መሆን የሚገባው ብዜት 1 ሆኖ ይወጣል። ከዚህም የከፋው፣ ጥሪው ሲፈጸም ሥራው ወዴት እንደሚመለስ የሚያስታውሰው የመመለሻ አድራሻ እንደዚሁ በአንድ ቋሚ ስፍራ የሚጻፍ ከሆነ፣ እርሱም እንደ ቁጥሩ ይደመሰስና ፕሮግራሙ መንገዱን ስቶ ይቀራል። ከዚህ የምንረዳው፣ ስፍራ መሰጠት ያለበት ለፋንክሽኑ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ጥሪ መሆኑን ነው።

የዚህ ሐሳብ ጥንተ ነገር ከፎርትራን ይቀድማል። እንግሊዛዊው አላን ቱሪንግ በ1946 ለአገሩ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ስለ አንድ አውቶማቲክ ማስሊያ ማሽን ባቀረበው ሰነድ፣ ንዑስ ፕሮግራም ሲጠራ የመመለሻውን ምልክት መቅበር፣ ሲፈጸምም መልሶ ማውጣት እንደሚገባ ገልጾ ነበር። በ1957 ደግሞ በጀርመን አገር ፍሪድሪሽ ባወርና ክላውስ ዛመልሰን የሒሳብ ቀመር በሚሰላበት ጊዜ መካከለኛ ውጤቶችን በቁልል፣ ማለት በስታክ፣ አስቀምጦ ከላይ እያነሡ የመሥራትን ዘዴ በፓተንት ለማስመዝገብ አመለከቱ። በጥር ወር 1960 ባከስን ራሱን፣ ባወርንና ዛመልሰንን ጨምሮ 13 ሊቃውንት በፓሪስ ተሰብስበው አልጎል 60 የተባለውን ቋንቋ በወሰኑ ጊዜ፣ በዚያ ቋንቋ ፋንክሽን ራሱን ሊጠራ ተፈቀደለት፤ ፈቃዱም ኮምፓይለር ለሚሠሩት ሰዎች ታላቅ ዕዳ ሆነባቸው። በዚያው ዓመት በአምስተርዳም የሒሳብ ማእከል ኤድስኸር ዳይክስትራ ከያፕ ዞኔቬልት ጋር ሆኖ ኤክስ 1 ለተባለው ኮምፒዩተር የአልጎል 60 ኮምፓይለር ሠርቶ ሲጨርስ፣ የመመለሻው አድራሻም ሎካል ቫሪያብሎቹም በአንድ ስታክ ላይ እንዴት ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳየ፤ ሐሳቡንም በጽሑፍ አስታወቀ። ዛሬ የምንሠራበት ሥርዓት በዋናው መልኩ የእነዚህ ሰዎች ውርስ ነው።

የሥርዓቱ ምሥጢር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል፤ በመጨረሻ የተጠራው ፋንክሽን በመጀመሪያ ይፈጸማል። በመሶብ የተደረደረ እንጀራ በመጨረሻ የወጣው ከላይ ሆኖ በመጀመሪያ እንደሚነሣ፣ በስታክም ላይ የመጨረሻው ጥሪ ስፍራ ከሁሉ በላይ ሆኖ ከሁሉ በፊት ይነሣል። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ከእርሱ የሚገኘው ትርፍ እጅግ ብዙ ነው፤ ስፍራው የሚለቀቀው ከተያዘበት ተራ በተገላቢጦሽ ስለ ሆነ፣ የትኛው ባይት እንደ ተያዘና የትኛው ነጻ እንደ ሆነ የሚዘረዝር መዝገብ መያዝ አያስፈልግም። የስታኩ ጫፍ ወዴት እንደ ደረሰ የሚያመለክት አንድ ቁጥር ብቻ ይበቃል። ይህን ቁጥር ስታክ ፖይንተር የሚባለው ሬጅስተር፣ ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ማስቀመጫ፣ ይይዘዋል፤ ስፍራ መውሰድ ማለት ከዚህ ቁጥር ላይ መቀነስ፣ ስፍራ መመለስ ማለትም በዚህ ቁጥር ላይ መደመር ነው። መቀነስና መደመር ያልነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች ስታኩ ከከፍተኛው አድራሻ ጀምሮ ወደ ዝቅተኛው ያድጋልና።

አሁን ወረቀታችሁን አቅርቡ፤ ኮምፓይለሩ የሚያደርገውን እኛም እናድርገው። በዛሬዎቹ ባለ 64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ፣ በሊኑክስ ሥርዓት፣ ሦስት ሎካል ቫሪያብሎች ያሉትን አንድ ፋንክሽን እናስብ፤ የመጀመሪያው 1 ባይት የሚፈጅ ፊደል፣ ሁለተኛው 8 ባይት የሚፈጅ ባለ ነጥብ ቁጥር፣ ሦስተኛው 4 ባይት የሚፈጅ ሙሉ ቁጥር ይሁን። ድምሩ 13 ባይት ነው። ነገር ግን ባለ 8 ባይቱ ቁጥር በ8 በሚካፈል አድራሻ፣ ባለ 4 ባይቱም በ4 በሚካፈል አድራሻ እንዲጀምር ሥርዓቱ ያዛል፤ ጠቅላላው ስፍራም እስከ 16 ብዜት ከፍ ይላል፤ ምክንያቱም ሌላ ፋንክሽን በሚጠራበት ጊዜ የስታኩ ጫፍ በ16 በሚካፈል አድራሻ ላይ እንዲገኝ የተደረገ ስምምነት አለ። ኮምፓይለሩ ቫሪያብሎቹን በተጻፉበት ተራ ቢያኖራቸው፣ ፊደሉ ከመነሻው፣ ማለት የቫሪያብሎቹ ስፍራ ከሚጀምርበት አድራሻ፣ 1 ባይት ወርዶ ይቀመጣል፤ ባለ ነጥቡ ቁጥር በ8 የሚካፈል አድራሻ ፍለጋ እስከ 16 ይወርዳል፤ ሙሉ ቁጥሩም 20 ላይ ያርፋል፤ 20 ወደ 16 ብዜት ከፍ ሲል 32 ይሆናል። ተራውን ለውጦ ትልቁን አስቀድሞ ቢያኖር ግን ባለ ነጥቡ ቁጥር 8 ላይ፣ ሙሉ ቁጥሩ 12 ላይ፣ ፊደሉ 13 ላይ ያርፋሉ፤ 13 ከፍ ሲል 16 ብቻ ይሆናል። እነሆ፣ በአቀማመጥ ብቻ የስፍራው እኩሌታ ተረፈ። የሲ ቋንቋ ሕግ ሎካል ቫሪያብሎች በሜሞሪ ላይ በተጻፉበት ተራ እንዲቀመጡ ስለማያስገድድ፣ ኮምፓይለሩ ይህን ለማድረግ ሙሉ ነጻነት አለው።

እዚህ ላይ አድማጮቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እንለምናለን። ይህ ሁሉ ሒሳብ የሚሠራው ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር፣ ኮምፓይለሩ ጽሑፉን በሚያነብበት ጊዜ ነው። ኮምፓይለሩ ጥሪው በየትኛው አድራሻ ላይ እንደሚውል አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ እያንዳንዱ ቫሪያብል ከመነሻው በስንት ባይት እንደሚርቅ ግን ያውቃል። ስለዚህ በሚያወጣው የማሽን ጽሑፍ ውስጥ የቫሪያብሉ ስም አይገኝም፤ በስሙ ፋንታ ከመነሻው 8 ባይት ዝቅ ብሎ የሚገኘው፣ ከመነሻው 12 ባይት ዝቅ ብሎ የሚገኘው የሚል ርቀት ብቻ ይጻፋል። ፋንክሽኑ ሲጠራ የመመለሻው አድራሻ በ8 ባይት ይቀመጣል፤ ቀጥሎ የጠሪው መነሻ በሌላ 8 ባይት ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ከስታክ ፖይንተሩ ላይ 16 ሲቀነስ ሦስቱም ቫሪያብሎች ስፍራ አገኙ ማለት ነው። ይህ በጠቅላላው 32 ባይት የሆነ ክፍል ፍሬም ይባላል። ሦስት ቫሪያብል ቢሆን ሠላሳም ቢሆን ቅናሹ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋል፤ ፋንክሽኑ ሲፈጸምም ፖይንተሩ ወደ ቀድሞው ከፍታ ይመለሳል፣ የጠሪው መነሻ ይመለሳል፣ ሥራውም ወደ መመለሻው አድራሻ ያልፋል። አስቀድመን ያየነው የማባዛት ፋንክሽን እያንዳንዱ ጥሪ 32 ባይት ቢፈጅ፣ አምስቱ ጥሪዎች በጠቅላላው 160 ባይት ይይዛሉ፤ 5ም፣ 4ም፣ 3ም፣ 2ም፣ 1ም እያንዳንዱ በየራሱ ፍሬም ውስጥ ሳይደመሰስ ይቈያል፤ መልሱም 120 ሆኖ ይወጣል።

ከዚህ በላይ ደግሞ የዘመናችን ኮምፓይለሮች ከተቻላቸው ቫሪያብሉን በስታክ ላይ ጨርሶ ላለማኖር ይጥራሉ። በተናገርነው ፕሮሰሰር ውስጥ 16 አጠቃላይ አገልግሎት የሚሰጡ ሬጅስተሮች አሉ፤ አንዱ ለስታክ ፖይንተር የተለየ ነው፤ የቀሩትም ከማናቸውም ሜሞሪ ይልቅ ፈጣኖች ናቸው። ኮምፓይለሩ የእያንዳንዱን ቫሪያብል ዘመነ ሕይወት፣ ማለት ዋጋ ከተሰጠበት ጀምሮ ለመጨረሻ ጊዜ እስከ ተነበበበት ያለውን ክፍል፣ ይመረምራል። ዘመናቸው የሚደራረብ ሁለት ቫሪያብሎች በአንድ ሬጅስተር ሊኖሩ አይችሉም፤ የማይደራረቡት ግን ይችላሉ። በአይቢኤም የምርምር ክፍል የነበረው ግሪጎሪ ቻይቲንና ባልደረቦቹ በ1981 ባወጡት ጽሑፍ፣ ይህ ሬጅስተሮችን ለቫሪያብሎች የማደል ጥያቄ በመስመር የተያያዙ ነጥቦች አንድ ዓይነት ቀለም እንዳይኖራቸው አድርጎ ከመቀባት የሒሳብ ጥያቄ ጋር አንድ መሆኑን አሳይተው በእውነተኛ ኮምፓይለር ላይ በሥራ አዋሉት። ሬጅስተሮቹ ያልበቁለት ቫሪያብል ወደ ስታክ ይወርዳል፤ በዚያም ቢሆን ዘመናቸው የማይገናኝ ሁለት ቫሪያብሎች አንዱን ስፍራ በየተራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ይህን ያህል ስለ ሥርዓቱ ጥቅም ከተናገርን፣ ሥርዓቱን አለማክበር ስለሚያመጣው ጉዳት መናገርም ግዴታችን ነው። በመጀመሪያ፣ ስፍራ ተመለሰ ማለት ተጠረገ ማለት አይደለም። ፖይንተሩ ከፍ ይላል እንጂ በስፍራው የነበሩት ቁጥሮች በዚያው ይቀራሉ፤ ስለዚህም በሲ ቋንቋ ዋጋ ሳይሰጡት የሚያነቡት ሎካል ቫሪያብል ብዙ ጊዜ ከእርሱ በፊት ያለፈ የሌላ ጥሪ ትራፊ ይዞ ይገኛል፤ ፕሮግራሙም አንድ ቀን ትክክለኛ፣ አንድ ቀን የተሳሳተ መልስ እየሰጠ ባለቤቱን ያደክማል። ሁለተኛ፣ አንድ ፋንክሽን የሎካል ቫሪያብሉን አድራሻ ለጠሪው መልሶ ቢሰጥ፣ ጠሪው የያዘው ባለቤት የሌለው ስፍራ አድራሻ ነው፤ በሚቀጥለው ጥሪ ያ ስፍራ ለሌላ ይሰጣል፤ በአሮጌው አድራሻ የሚጽፍ ሰውም የሌላውን ቫሪያብል ሳያውቀው ያበላሻል። የጎ ቋንቋ ኮምፓይለር ይህን አስቀድሞ መርምሮ ከፋንክሽኑ ዘመን በላይ ሊቈይ የሚችለውን ቫሪያብል ከስታክ ወደ ሌላው የሜሞሪ ክፍል፣ ወደ ሂፕ ያዛውረዋል፤ ሲ ግን ኀላፊነቱን ለጸሐፊው ይተወዋል። ሦስተኛ፣ ስታኩ ወሰን አለው። በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ለአንድ ፕሮግራም የሚፈቀደው ስታክ 8 ሜጋባይት ነው፤ ይኸውም 8,388,608 ባይት ነው። የማባዛቱ ፋንክሽን 1 ሲደርስ ቁም የሚለው ቃል ተዘንግቶ ያለ ማቋረጥ ራሱን ቢጠራ፣ እያንዳንዱ ፍሬም 32 ባይት ሲሆን፣ ሌላ ነገር ባይያዝበት እንኳ ከ262,144 ጥሪ በኋላ ስታኩ ሞልቶ ፕሮግራሙ ይወድቃል።

አራተኛውና በታሪክ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ጉዳት፣ በፍሬሙ ውስጥ የተወሰነውን ድንበር ተላልፎ መጻፍ ነው። የመመለሻው አድራሻ ከሎካል ቫሪያብሎቹ በላይ እንደሚገኝ አይተናል፤ ስታኩ ወደ ታች ቢያድግም፣ በተርታ የሚጻፍ የፊደል ረድፍ ግን ወደ ላይ ይሄዳል። በኖቬምበር 2 ቀን 1988 ማታ በአሜሪካ የኢንተርኔት መረብ ላይ የተለቀቀው፣ በአንድ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተጻፈው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ወደ ሌሎች ኮምፒዩተሮች ከገባባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነበር፤ ስለ ኮምፒዩተሩ ተጠቃሚዎች መረጃ የሚሰጥ አንድ የዩኒክስ አገልግሎት ለሚቀበለው ቃል 512 ባይት የሆነ ሎካል ስፍራ አዘጋጅቶ ሳለ፣ የሚመጣውን ቃል ርዝመት ሳይመዝን ይቀበል ነበር። ያ ፕሮግራም 536 ባይት ላከበት፤ ትርፉም ከስፍራው አልፎ የመመለሻውን አድራሻ ለወጠው፤ አገልግሎቱም ሥራውን ፈጽሞ ሲመለስ የተመለሰው ወደ ጠሪው ሳይሆን የጥቃቱ ጸሐፊ ወደ መረጠው ትእዛዝ ሆነ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ ስታክጋርድ የተባለው የኮምፓይለር ማሻሻያ ለዚህ መከላከያ አቀረበ፤ በቫሪያብሎቹና በመመለሻው አድራሻ መካከል አንድ የጥበቃ ቁጥር ይቀመጣል፤ ፋንክሽኑ ሊመለስ ሲል ቁጥሩ እንደ ነበረ መሆኑ ይመረመራል፤ ተለውጦ ከተገኘ ፕሮግራሙ ወዲያው እንዲቆም ይደረጋል። ዛሬ ታላላቆቹ የሲ ኮምፓይለሮች ሁሉ ይህን የመሰለ ጥበቃ አላቸው።

ክቡራን አድማጮች፣ የተናገርነውን በአጭሩ እንሰብስበው። ስፍራ የሚሰጠው ለፋንክሽኑ ሳይሆን ለጥሪው ነው፤ መጠኑና አቀማመጡ በኮምፓይለሩ አስቀድሞ ይሰላል፤ በመጨረሻ የተወሰደው በመጀመሪያ ስለሚመለስ አንድ ቁጥር ሁሉን ይገዛል። የዚህ ሥርዓት ርካሽነትና ፍጥነት የመጣው ፍጻሜው ከመጀመሪያው የታወቀ በመሆኑ ነው፤ ጉዳቶቹም ሁሉ የሚመጡት ይህን ፍጻሜ ወይም ይህን ድንበር ካለማክበር ነው። ስለዚህ ፕሮግራም የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፣ ቫሪያብላችሁን ከማንበባችሁ በፊት ዋጋ ስጡት፤ አድራሻውን ከፋንክሽኑ ዘመን አታሳልፉት፤ ከውጭ የሚመጣን ነገር ርዝመት ሳትመዝኑ በስታክ ላይ አትቀበሉት። ኮምፓይለሩ ማስጠንቀቂያ ሲሰጣችሁም እንደ ከንቱ ቃል ቈጥራችሁ አትለፉት፤ የእናንተን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥንቃቄ ያነበበ ነውና። የሰማችሁትን ለማረጋገጥ የማባዛቱን ፋንክሽን በሲ ጽፋችሁ፣ ኮምፓይለሩ የሚያወጣውን የአሴምብሊ ጽሑፍ እንዲያሳያችሁ እዘዙት፤ ከስታክ ፖይንተሩ ላይ ስንት እንደ ተቀነሰም በዓይናችሁ እዩ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን፣ ፍጻሜው ከመጀመሪያው ስለማይታወቀው የሜሞሪ ክፍል፣ ስለ ሂፕ፣ እንነጋገራለን።